ለራም ያቀረቡትን መልሰው ያልወሰዱት ባይጅናት ሳህ

አባታችን ባይጅናት ሳህ ከአባታቸው ከጣፋጭ ሠሪው ራምዳሂን ሳህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱግያ ደቪ፣ በጋንጋ ወንዝ ዳር ባለችው በቡክሳር ከተማ በ1951 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲታመሙ ደብተራቸውን አስቀምጠው ከምድጃው ፊት ተቀመጡ። በ1973 ወይዘሮ ፉልማቲን አግብተው አንድ ልጃቸውን ዲናናትን ወለዱ። ይህን የምጽፈው የዲናናት ሚስት ሱነይና ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት በቤታቸው ኖሬያለሁና የማውቀውን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

ከወተት የሚሠሩት ፔዳ ከከተማው አልፎ ስም ነበረው። በ1991 እናታቸው ሲያርፉ፣ የአስከሬናቸውን አመድ ለጋንጋ ለመስጠት ከታናሽ ወንድማቸው ከሽዮባራን ጋር ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ካሺ ሄዱ። ካሺ የደረሰ ሰው የሚወደውን አንድ ምግብ ለአምላካችን ለራም ብሎ ትቶ ይመለሳል። አጎታችን ሽዮባራን የተዉት መራራውን ቅል ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባፋቸው ዞሮ አያውቅም። ባቡጂ የምንላቸው አባታችን ግን ፔዳን ተዉ። ከዚያ ወዲህ የሠሩትን በማሽተት ብቻ እየለዩ ሌላውን ሲያበሉ ኖሩ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ልባቸው ከፔዳ ሲከለከል ወደ ትምባሆ ዞረ፤ በ1994 ካሺ ወርደው ትምባሆውን ተዉ። ከዚያ በመዝሙር ላይ የሚመቱት ከበሮ ነበር። ሰው ሲያደንቃቸው ደስ ስላላቸው በ1998 እሱንም ተዉ። በ2004 አልጋቸውን ከእማዬ ክፍል ወደ ሱቁ ሰገነት አወጡ። እማዬ ፉልማቲ፣ «ለመሆኑ እኔ ከትምባሆ በኋላ ነው የምመጣው?» ብለው ሰፈሩን ሁሉ አሳቁ። ክፍላቸውን ዘግተው ሲያለቅሱ የሰማኋቸው ግን እኔ ነኝ። በ2011 በዚያው ክፍል ዐረፉ።

የራም ቤተ መቅደስ አገልጋይ ባባ ራጉቢር ብዙ ጊዜ መክረዋቸዋል። «ባይጅናት፣ ልብህን በረሃብ ልትገድለው ነው እንዴ? ከነረሃቡ ለራም አስረክበው እንጂ! ፔዳህን መጀመሪያ ለእሱ አቅርብ፣ ከዚያ በረከቱን ተቀብለህ ብላ።»

ባቡጂም «ባባ፣ እኔ ያቀረብኩትን መልሼ አልወስድም» አሉ።

«ይሄማ ኩራት ነው፤ አምልኮ አይደለም» አሏቸው ባባ። ባቡጂ እግራቸውን ስመው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

እኔና ዲናናት አሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አጥተን ስንቆይ፣ በ2015 ቱኒ ተወለደች። ባቡጂ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ያን ጊዜ ሰማሁ። የሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይመዝኗታል፣ ጥርሷ ሲነቀል ገበያውን ዞረው ያሳያሉ። ገበያተኛው ደግሞ ዝም አይልም። ካሺ የሚወርዱበት የካርቲክ ወር ሲቃረብ «ሳህጂ፣ ዘንድሮ ምን ሊተዉ ነው?» ይሉና ወደ ልጅቷ ያያሉ። በየዓመቱ ካርቲክ ሳይገባ ቱኒን ይዤ እናቴ ቤት እሄድ ጀመር፤ ከዓይናቸው ከራቀች የሚረሷት መስሎኝ።

በ2019 ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ በየቀኑ አንድ እንክብል አዘዙላቸው፤ አንድም ቀን እንዳያልፋቸው አስጠነቀቁ። አመሻሹ ላይ እንክብሉንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ማቅረብ የቱኒ ሥራ ሆነ፤ በካርቲክ እናቴ ቤት መሄዳችንም ቀረ።

በ2022 የካርቲክ ሙሉ ጨረቃ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ባቡጂ ጠሩኝ። መቁጠሪያው በእጃቸው ነበር። «ምራቴ፣ ራም ብዬ እጀምራለሁ፣ ቱኒ ብዬ እጨርሳለሁ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ባቡጂ፣ እሷን አይተዉብኝ! ሌላ ነገር ይተዉ። የፈለጉትን ይተዉ!» አልኳቸው። ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

ኖቬምበር 8 ቀን ከወንድማቸው ጋር ካሺ ላይ በጋንጋ ታጥበው በማግስቱ ተመለሱ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ገና ከመንገዱ ጫፍ «ቱኒ! የት አለሽ አንቺ ሌባ?» ብለው ሲጣሩ ሰማኋቸው። በደስታ አለቀስኩ። አጎታችንን «ታዲያ ምን ተዉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ እንጃ! ‹ልጅቷን አልተውም፣ አብሬያት መቆየትን ትቻለሁ› አለ። የመናኝ ቋንቋ ማን ያውቃል?» አሉኝ። እኔም አላወቅሁም። ማወቅም አልፈለግሁም፤ ልጄ ተርፋልኛለች።

ያ የብርድ ወቅት በዚህ ቤት ካየሁት ሁሉ ደስ የሚለው ነበር። ባቡጂ እንክብሉን ከቱኒ እጅ ይቀበሉና «መጀመሪያ ለራም፣ ከዚያ ለኔ» ብለው ወደ ጸሎት ክፍላቸው ይገባሉ። ውሃው ተጠጥቶ ብርጭቆው ባዶ ይመለሳል። የባባ ምክር በመጨረሻ ገባቸው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ፊታቸው ሲገረጣና ደረጃው ሲከብዳቸው ብርዱ ነው አልን።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2023 ወተት እያማሰሉ ከምድጃው አጠገብ ወደቁ፤ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በዚያው ዐረፉ። የጸሎት ክፍሉን ሳጸዳ፣ ከራም ምስል ልብስ ሥር ሰማንያ ሁለት እንክብሎች አገኘሁ። ከካሺ ከተመለሱበት ምሽት እስከ ሞታቸው ዋዜማ አንድም አልጎደለም። ያቀረቡትን መልሰው አልወሰዱም።

ልጃቸውን ዲናናትን፣ ወንድማቸውን ሽዮባራንን፣ የልጅ ልጃቸውን ቱኒንና እኔን ትተው ሄደዋል። ራም ሆይ፣ ያልተቀበሉህን ሁሉ፣ ፔዳውንም ከበሮውንም እማዬንም፣ ዛሬ በግድ አስይዛቸው፤ እምቢ ቢሉህ አትስማቸው።

በዚህ ባረፉ በአሥራ ሦስተኛው ቀን የመታሰቢያ ጉባኤ ለተገኛችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ቱኒ እናቴ ቤት ናት። እዚያም ሆና አመሻሹ ላይ ብርጭቆ ውሃ ትሞላለች አሉኝ። ለባቡጂ መድኃኒታቸውን አንድም ቀን ሳላሳልፍ ሰጠሁ ብላ ስትነግራችሁ፣ እባካችሁ፣ «ጎበዝ» በሏት።