በማኅተም የመጣ ለቅሶ

ማክሰኞ

«አንተ ደሞ ነገር ታበዛለህ» ብሎ ወንድሜ ስልኩን ዘጋብኝ። እኔ ነኝ ነገር የማበዛው? ስለ ድልድዩ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ እኮ አራት ዓመት ኮሙኒኬሽን ቢሮ መግለጫ ሲያነብ ኖረ። ከዛ ያደግንበት ወረዳ አስተዳዳሪ አደረጉት። ዓመት ሳይደፍን አንስተው እዛው አሰላ፣ ኮሙኒኬሽን መለሱት።

አስተዳዳሪ እያለ ሽማግሌዎቹ ፊት «ድልድዩ ክረምት ሳይገባ ይሠራል» አለ። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ትናንት አባባ ከገበያ ሲመለስ በድልድዩ ፈንታ ወንዙ ላይ ከተጋደመው እንጨት ላይ ወደቀ፣ ወንዙ ወሰደው። አባባ የአክስታችን ባል ነው፤ ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው።

ረቡዕ

ቀበርነው። ያገኘሁትም ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ በዋና የሚደርስብኝ የለም፣ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም። ጫማውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

ደረጀ አልመጣም። ስብሰባ ነው አለ። አክስቴ «ልጄ መንገድ ላይ ነው?» ስትለኝ አዎ አልኳት።

ሐሙስ

የቢሮ ሹፌር ፖስታ አመጣ። የሐዘን ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ማይኩን ወዲህ በሉ አልኩ። ስምንተኛን አልጨረስኩም ግን እንደኔ ድምፅ ያለው አርሲ ውስጥ አምጡልኝ። ደብዳቤውን ቀድሜ አላየሁትም።

«መሥሪያ ቤታችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል» ሲል ደስ አለኝ፣ ጮክ አልኩ። ቀጥሎ «አደጋው የደረሰው በግለሰቡ የጥንቃቄ ጉድለት ሲሆን» ይላል። አፌ ቀድሞኝ ጨረሰው። ከሥሩ የደረጀ ፊርማ።

ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ማይኩን ከእጄ ወሰዱ። «ዲሲ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ «ተወው ልጄ።»

አክስቴ «ግለሰቡ ማነው?» አለች።

አርብ

ደወለ። «ማን ማይክ ላይ አንብብ አለህ? ለሥርዓት ነው የሚላከው፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንም አያነበውም» ይለኛል። የጥንቃቄ ጉድለት የምትለዋን መስመር ከላይ አዘውት ነው አለኝ። አልፈርምም ካለ ቦታ የለውም፣ ሁለት ልጅ አለው። «ለድልድዩ ስንቴ ጻፍኩ፣ ሲያነሱኝ ማን ጠየቀልኝ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። እኔ ሰድቤው ዘጋሁ።

ከዛ ባጃጄ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሸራውን ዘግቼ ነው፣ ማንም አላየኝም።

ቅዳሜ

ድንኳኑ ነገ ይነሳል። አክስቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጠርታኝ «ያሳደግኩት ልጅ ይምጣና ሰው ፊት በገዛ አፉ ያልቅስለት። ነገ ካልመጣ እኔም ስሞት አይምጣ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ብደውል አያነሳም። ይሄን ላክኩለት፦

ደሬ፣ ስለ ስድቡ ይቅርታ። ነገ ድንኳኑ ሳይነሳ ና። በቢሮ መኪና እንዳትመጣ፣ አሰላ ድረስ መጥቼ በባጃጅ አመጣሃለሁ። ምንም ወረቀት አትያዝ። ትመጣለህ አትመጣም? አሁኑኑ መልስልኝ።