ደቦ ጠሪው

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ጨጓራህ እንዴት አደረገህ? የባለቤትህ ወገብ ተሻላት ወይ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች ወይስ ገና ድዷን እያሳየች ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ብርዱ ግን ዘንድሮ አይጣል ነው። ደብረ ታቦር እንዲህ ካደረገን ጉና ላይ ያሉትን አንተው አስባቸው። በወረቀት የመጣሁብህ ኔትወርኩ ከጠፋ ስለሰነበተ ነው። ዙለይካን መቼም አትረሳትም፤ ኩዌት አብራኝ የነበረችው፣ አሁን እዚህ ገበያ በርበሬ የምትነግደው። አጎቷ ለዕቃ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱ ነውና በእጅህ ይሰጥሃል። ሰው ፊት አትክፈተው።

ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃኝ። ሳልቆጣ ልጽፍ ብዬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። አባባ ታስረዋል።

አትደንግጥ፤ ማንም አልነካቸውም። ስንቃቸውን ጠዋት ጠዋት እኔ አደርሳለሁ፣ ጋቢያቸውም ገብቶላቸዋል። ግን ታስረዋል። ምክንያቱም ያ አንተ ቀን ከሌት የምትሮጥለት የንግድ ድርድር ነው። ከሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርስህ ከእኔ ከራሴ ስማው።

የመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስንጨቃጨቅ ያልከኝን አልረሳሁም። ስለ ዘር የሚያወራው ነገር በትልቁ ድርድር ውስጥ ኢምንት ነው፣ የገበሬውን ዘር ማንም አይነካም፣ አገር ከዓለም ገበያ ተገልላ አትኖርም፣ አንቺ የማታውቂው ነገር ውስጥ እጅሽን አታስገቢ፣ ስሜንም እንዳታነሺ አልከኝ። ስምህን አላነሳሁም። እስከዚች ደብዳቤ ድረስ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ደግሞስ ያልከው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ እኮ ንግድ ጠላቴ አይደለም፤ የሰው አገር ሰው ከባሕር ማዶ በመጣ ሩዝና ዱቄት ሲኖር በዓይኔ አይቻለሁ። እንዳልካቸውም ቢሆን፣ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ልጅ፣ የድርድሩን ወረቀት ሲተረጉምልን እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል እያለ ነው። እኛ የፈራነው አንዱን ነገር ነው፤ ኩባንያ በስሙ ያስመዘገበውን ዘር ገበሬው ከማሳው አንሥቶ ለጎረቤቱ መስጠት ይከለከላል የተባለውን። አንተ ጉና ላይ ዘር ከየት እንደሚመጣ አይጠፋህም። እናታችን ባረፈችበት ዓመት ገብሱን ውርጭ እንዳለ ሲጨርሰው አባባ ቁና ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ። ማን ፊት ነሳቸው? ይሄ ዘር የማን ነው ብሎ የጠየቀስ ነበር? ሰው ከየጎተራው እየዘገነ ሰጣቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እሳቸው ለሌላው ሰጡ።

እኔን የቆጨኝ ግን ዘሩ ብቻ አይደለም። ማንም አልጠየቀንም፤ እሱ ነው የቆጨኝ። ስለ እኛ ማሳ ሲወራ አንድ ሰው ጉና ድረስ መጥቶ እናንተስ ምን ትላላችሁ ቢለን ምን ይጎድልበት ነበር? ከጠየቁን በኋላ ቢከለክሉን እንኳ ሌላ ነገር ነው።

እናም ተነሣን። ዙለይካ የገበያ ሴቶችን ይዛ፣ እኔ ከጉና የሚወርዱ ድንች ሻጮችን ይዤ፣ እንዳልካቸው ወረቀቱን ይዞ። አዳራሽ የሚሰጠን ስላጣን ጋፋት ወርደን ሜዳው ላይ ቁጭ ብለን ነው የምንወያየው። እንዳልካቸው ባነር አሠራ፤ መፈክሩ ከመርዘሙ የተነሣ ዙለይካ ይሄን አንብቦ ለመጨረስ ሰልፈኛው ስንቅ ያስፈልገዋል ብላ ሆዳችንን እስክንይዝ አሳቀችን። ከተማው ውስጥ ልንወጣ ላሰብነው ሰልፍ ፈቃድ ጠይቀን ነበር፤ እሺም እንቢም ያለን የለም።

ጣጣው የመጣው ጉና ስወጣ ነው። ሰልፍ እንወጣለን ስላቸው ሰዎቹ ቀበሌ ያዘዘው ነው ወይ፣ የቀረ ይቀጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ! አይ፣ የራሳችን ነው ስላቸው ደግሞ እንዲያ ከሆነማ ምን አስቸኮለን፣ ገብሱ ደርሷል አሉኝ። እኔ ሰብለወንጌል፣ አፌ አያርፍም የምትለኝ እህትህ፣ ባዶ እጄን ወረድኩ።

አባባም መጀመሪያ ላይ አብረውኝ አልነበሩም። ነገሩ ክፉ ቢሆን ልጄ ሳይነግረኝ ይቀራል ወይ ነው ያሉኝ። ሰንበቴ ላይ ልጄ ከነጮቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይደራደራል እያሉ ሲያወሩልህ ስንት ዘመናቸው። እንግዲያው ይጠይቁት አልኩና የደወልኩልህ እኔ ነኝ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዝኩላቸውም እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልዎታለሁ አልካቸው። ከዚያ ወዲያ እኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው ብለው ጠዋት ጠዋት እዚያ እየወጡ ይቀመጡ ጀመር። ቀፎውን በሁለት እጃቸው ይዘው። አንጀቴን በሉት። አልደወልክም። አንድ ቀን ከዚያ ወረዱና እሱ እዚያ ከተሰበሰበ እኛም እዚህ እንሰብሰብ፣ ጥሪውን ለእኔ ተይልኝ፣ አንቺ አታውቂበትም አሉኝ።

በሰንበቴው ተነሥተው ተናገሩ። ለዘራችን የሚሆን ደቦ ነው፣ የምንሄደው ደብረ ታቦር ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት ገሳይ መሳፈሪያው ላይ እንገናኝ አሉ። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ሳምንት እኔ ስለፈልፍበት የነበረውን በሁለት ቃል ጨረሱት። አንድም ሰው ቀበሌ ወይ ብሎ አልጠየቀም።

እንዳልካቸው ደቦ ምን እንደሆነ ከወረቀት ነው የሚያውቀው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ጉና ተወልጄ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? ሰዎቹ ወደ ከተማ እንደሚሄዱ፣ አቤት ሊሉ እንደሚሄዱ በደንብ ያውቃሉ። ግን ደቦ ተጠርቶ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ሊበላ መጣ ይባላል፤ ያን ስም ማን ይሸከማል? ወሩ ኅዳር ነው፣ የኅዳር ደቦ ማጭድ ይዞ ነው የሚኬደው። እና ይዘው መጡ። አንድ አይሱዙ ላይ ተጭነው ቆመው፣ ማጭዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ የአጨዳውን ዘፈን እየተቀበሉ፣ ሴቶቹ ቆሎና ጠላ ተሸክመው ከተማው መግቢያ ላይ ደረሱ።

እኔና እንዳልካቸው ባነሩን ጠቅልለን እዚያው ስንጠብቅ ነበር። ወይኔ ጉዴ! ያን ዘፈን ልጅ ሆኜ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ምነው ዝም ባሉልኝ አልኩ። የዘመኑን ነገር ታውቀዋለህ። የኬላው ጥበቃዎች መሣሪያቸውን አቀባበሉ። አንድ ሰው ቢሮጥ፣ አንድ ሕፃን ቢያለቅስ ምን ይፈጠር እንደነበረ አንተው አስበው። ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰልፉንም ዘሩንም እስክረሳ ፈራሁ።

መጀመሪያ የወረዱት አባባ ናቸው። ማጭዳቸውን አስፋልቱ ላይ አስቀመጡና ወደ ኋላ ዞረው አስቀምጡ አሉ፤ ሁሉም እየወረደ አስቀመጠ። ዘፈኑም ዝም አለ። አዛዡ ማነው የጠራችሁ ብሎ ሲጠይቅ እኔ የተጠቀለለውን ባነር ታቅፌ ቀረሁ። አባባ እኔ ነኝ አሉ።

ሌላውን ሰው በዚያው መኪና መለሱት። ማጭዶቹን በማዳበሪያ ከረጢት አስረው ከአባባ ጋር ጣቢያ ወሰዷቸው፣ ባነሩም ሳይዘረጋ ቀረ። ግን ከሸፈ ብለህ እንዳትደሰት! ይሄ ነገር ከተሰማ ወዲህ ገሳይ ላይ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ምንድነው ያ የዘር ነገር እያለ እየጠየቀ ነው። እንዳልካቸው ለሳምንት ዞሮ ያልሰበሰበውን ጆሮ ማጭዶቹ ሰበሰቡለት። የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ ከቆላው ማጭድ ተውሰው፣ የራሳቸው ማሳ ሳይነካ፣ የአባባን ገብስ ቀድመው አጨዱላቸው። ይሄን ስሰማ ነው ያለቀስኩት።

አባባ አሁኑኑ መውጣት ይችሉ ነበር። ይሄን ነገር ያስተማረዎት ማነው፣ እሱን ይንገሩንና ይሂዱ ተብለዋል። እንዳልካቸው ራሱ ሄዶ እኔ ነኝ ያስረዳኋቸው አለ፤ ወንድ ነው። አባባ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይሄን ልጅ አይቼው አላውቅም አሉ! ከእኛ ጋር ከሆኑ ወዲህ ጋፋት ወርደው ስንት ቀን ከጎኑ ተቀምጠው ቆሎ የበሉትን ልጅ። ደቦ የጠራ ሰው የጠራውን ሁሉ በደህና ወደየቤቱ የመመለስ ዕዳ አለበት፣ እኔን ተዪኝ ነው የሚሉኝ።

የጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ ሽፍታ እንዳልሆኑ ገብቶኛል አለኝ። ግን በዚህ ጊዜ ያ ሁሉ ማጭድ ወደ ከተማ ሲገባ የበላዮቼ ጠይቀውኛል፣ በራሴ ቃል ብቻ ልለቃቸው አልችልም አለ። ድርድሩን ከያዘው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ነገሩ የንግድ ጉዳይ ነው፣ ገበሬም ሊጠይቅበት የሚችል ጉዳይ ነው ብሎ ቢያስረዳልኝ በዚያው ቀን በዋስ ይወጣሉ አለኝ። ከዚያ እዚያ የምታውቂው ሰው አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሞኝ መስዬ ዝም አልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ብትናገር አለቆችህ በምን ዓይን እንደሚያዩህ አውቃለሁ። ቤት ኪራይ አለብህ፣ ልጆች አሉህ። እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ያየኸውን መከራም አልረሳሁም። ስለዚህ ይሄን ያህል ስጽፍ ቆይቼ እንኳ እንዲህ አድርግ አላልኩህም፤ ልብ በል። ነገር ግን አንድ የሆነ ነገር አለ፤ አባባ ለማንም እንዳታወሪ ብለውኛል። እኔ ደግሞ ልደብቅህ አልቻልኩም።

ቃላቸውን የተቀበሏቸው ዕለት፣ ጆሯቸው ስለደከመ ጥያቄውን ጮክ ብዬ እንድደግምላቸው እኔንም አስገቡኝ። ስም ተጠየቁ፣ ተናገሩ። ዕድሜ ተጠየቁ፣ እሱን ያጠመቁኝ ቄስ ነበሩ የሚያውቁት ብለው መርማሪውን አሳቁት። ባለቤት ተጠየቁ፣ ነፍሷን ይማር አሉ። ልጆች ሲባሉ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ይቻትላችሁ አሉና በእጃቸው አሳዩኝ። መርማሪው ወንድ ልጅስ አለ። የሰሙ መስሎኝ ነበር፤ ዝም ሲሉ ግን እንደ ሥራዬ ደገምኩላቸው። አባባ፣ ወንድ ልጅስ አለዎት ወይ ይላል አልኳቸው።

የለኝም አሉ።

ለምን እንዲህ እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። ከጉዳት ሊያድኑህ ይሆናል፤ እንዳልካቸውንም እንደዚያው ነው ያደረጉት። ደግሞ ላይሆን ይችላል። ፊታቸውን አየሁት፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አጣሁ። ከክፍሉ ስንወጣ ስለ ገብሱ ነው የጠየቁኝ፤ ሰብሉ ከብት እንዳይገባበት ሰው አለ ወይ አሉኝ። ሁሉም ታጭዷል አልኳቸው።

ና አልልህም። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል፣ ሥራህም እንደምታውቀው ነው። ምናልባት ከመጣህ ግን እንዳይደናገርህ ልንገርህ፤ በር ላይ የሚቆመው ፖሊስ ፍተሻውን ሲጨርስ ገቢውን ሁሉ የእስረኛው ምን ነህ ብሎ ይጠይቃል። ሳይመልሱለት አያስገባም።

እንግዲህ የአገራችን ታቦት በወጣህበት በገባህበት ይጠብቅህ። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ነክሰህ ሳምልኝ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ አድገው በሰው ፊት ቆመው አባቴ ነው የሚሉህ ያድርግልህ።

እህትህ ነኝ
ከደብረ ታቦር