የተወዛዋዡ ወንበር ዕድሜ

ጎንደር፣ ቀሐ፤ ጥር ሊወጣ ሲል፣ 1944 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእማሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ብርዱ ጠናብዎት ወይ? ያ ደረቅ ሳልዎ ተወዎት ወይ? የላክሁት ጋቢ ሳስቶብዎት እንደሆነ በመልእክተኛው ቃል ይላኩልኝ፣ ደርቤ እሰፋዋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደኅና ናት። ጤና ነኝ ማለቴ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

ይኸን ደብዳቤ እባክዎ ለማንም አያስነብቡት። ዳዊት የሚደግም ዐይን ለኔ ጽሕፈት አያንስምና ብርሃን ባለበት ተቀምጠው ቀስ ብለው ራስዎ ያንብቡልኝ። ሲጨርሱም እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ያባቴ አርባ በወጣ ማግስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ንብረቱን እኔ ከፍዬ እኅቴ ሐረገወይን እንድትመርጥ ፈረደ። እኔም በአንዱ ወገን በቅሎዋን፣ በሌላው ወገን ያን ተወዛዋዥ ወንበር አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር ተንኮል ነበረብኝ። ሐረገወይን ከጭልጋ በእግሯ ስለምትመላለስ በቅሎዋን ትወስዳለች፣ ወንበሩ ለኔ ይቀራል፣ ስፌት ሲደክመኝ አርፍበታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን በቅሎዋን ዞር ብላ አላየቻትም። የአያቴን ቅርስ ነው የምፈልገው አለች። ባሏ ፋንታሁን በተሰቀለ ጊዜ፣ ያን የሙት ልጇን አባቴ ደረቱ ላይ ለጥፎ እዚያ ወንበር ላይ እያወዛወዘ ያስተኛላት እንደ ነበር ለሽማግሌዎቹ ተናገረች። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ።

ያላለቀሰው የፋንታሁን ወንድም አያ አለኸኝ ብቻ ነው። እንደሚያውቁት፣ ፋንታሁን የተደበቀበትን ዋሻ ለጣሊያን የጠቆመው ማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ደሙንም ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ እስከ ዛሬ እንደ ጎፈረ አለ። ጎፈሬው አሁን ሸብቷል። እሱም ወንበር ከበቅሎ አይተካከልም፣ የሚያውቅ ሰው አይቶ ዕድሜውን ሳይነግረን የወንድሜ ሚስት አትወስድም ብሎ ተሟገተ። አባቴ በሕይወቱ ሳለ አያታችሁ በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ከነበሩት ፈረንጆች ያገኘው ነው፣ እኔም ከኮላ ድባ ካባቴ ቤት ጭኜ አመጣሁት ይል ነበር። ይኸ እውነት ከሆነ ወንበሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማንም በቅሎ አይስተካከለውም።

በጎንደር እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ጣሊያን ሲወጣ የቀረው አናጢ፣ ሙሴ ብሩኖ። አያ አለኸኝ የጣሊያን ደጅ አልረግጥም አለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እኔን ብቻ ላኩኝ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንድናገርም አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱኝ። ስለ ወንበር ይኸን ያህል ግዝት ምን ያደርጋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ወንበሩን በኩሊ አሸክሜ ሄድሁ። ሙሴ ብሩኖ ሚስቱ ያገራችን ልጅ ስለሆነች አማርኛው አያስቸግርም። ከሩቅ አይቶት ፈገግ አለ። በእንፋሎት ታሽቶ የጎበጠ እንጨት፣ እጁና እግሩ ሳይቆረጥ አንድ ሆኖ የዞረ፣ መቀመጫው በቀጭን የሸንበቆ ልጣጭ የተጠለፈ፤ እንዲህ ያለው የቪየና ሞድ ይባላል፣ የኔም አያት ይቀመጥበት ነበር አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴ እውነተኛ ሰው ነው ብዬ ልነሣ አልሁ።

እሱ ግን ቆይ፣ ሞድና ዕድሜ አንድ አይደለም አለ። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና ነገሩ ገባኝ፤ የድሮ ካባ ቅድ ዛሬ በመጣ ጨርቅም ይሰፋል። ወንበሩን ገልብጦ ከሥሩ በቢላዋ ፋቅ አደረገና አሸተተው። ዋንዛ ነው፣ እዚሁ አገር የተሠራ ነው አለ። ጋፋትም እዚሁ አገር ነው አልሁት። ያን ጊዜ በጣቱ የመጋዙን ጭረት አሳየኝ። በእጅ የሚሳብ መጋዝ ጭረቱ ይዛባል፣ ይኸ ግን እኩል እኩል የወረደ የሞተር መጋዝ ነው፣ በዚያ ዘመን ሞተር ከየት መጣ አለኝ። ማያያዣውም ቀጥቃጭ የሠራው ምስማር ሳይሆን የፋብሪካ ብሎን ነበር።

ቀጥሎ ወንበሩን አቁሞ ወዘወዘው። ሲወዛወዝ ቀስ በቀስ ወደ ግራ እንደሚሄድ ያስታውሳሉ፤ አባቴ እየተነሣ ወደ ቦታው ይመልሰው ነበር። ሙሴ ብሩኖ ይኸን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸን ጥፋት ያጠፋሁ እኔ ነኝ» አለ። «የግራው እግር ሳጎብጠው ተሰነጠቀብኝ፤ አሳጥሬ ቀጠልሁት። ሌላ እንድሠራ ጊዜ አልሰጡኝም።»

ማን ነው የከለከለህ አልሁት። የጦሩ ሹም ነው፣ ለአንድ ያገሬው ሽማግሌ ስጦታ ነው ብሎ አስቸኮለኝ አለ። መቼ አልሁት። የመጀመሪያ ልጁ ክርስትና የተነሣች ሰሞን፣ የሠላሳ አንዱ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ እንደሆነ ነገረኝ፤ ሚስቱም ከጓዳ ሆና ልክ ነው አለች። ስጦታው ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም ሳልጠይቀው «እኔ የሠራሁት ወንበር ብቻ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እማሆይ፤ ፋንታሁን የተሰቀለው በሠላሳ አንድ በሰሙነ ሕማማት ነው። ለዋሻው ስንቅ የሚልከው ቤት አንድ ብቻ ነበር። የሚቋጥሩት እርስዎ ነበሩ፤ የሚያደርሰው አባቴ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ብሆንም ወንበሩ በሰሌን ተጠቅልሎ ሲገባ ትዝ ይለኛል። ካያት ቤት የመጣ ዕቃ ጭስና ላብ ይሸታል፤ ያ ግን ቀለሙ ገና እጄ ላይ ይጣበቅ ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው አዩት። አንድም ቀን ሲቀመጡበት አላየሁም። በዓለ ኀምሳ ሳይወጣ ቆብ ደፍተው ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ ዓለም በቃቻት አለ፤ እኔም እስከዚህ ሳምንት ድረስ እንዲያው ነበር የምለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን የምወደውን ወርሼ ነው የፈራሁት። ደም ከሞተ ሰው አይጠየቅም፣ ከወንድ ልጁ ነው እንጂ፤ ያባቴ ወንድ ልጅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት አያ አለኸኝ ሱቄ ድረስ መጥቶ እንደ ወትሮው ጠመንጃውን አንግቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ምነው ከሳህ አለኝ። ጨጓራዬ ነው አልሁት። ወንበሩን በአንድ ጣቱ ወዝወዝ አደረገና «ሸጋ ነው። እሑድ እንሰማለን» ብሎ ሄደ። የያዝሁትን እጅጌ ገልብጬ እንደ ሰፋሁት ያየሁት እሱ ከራቀ በኋላ ነው።

በአርማጭሆ አድርጌ ወደ ሱዳን ልሸሽ አስቤ ነበር፤ በቅሎዋ አለችኝ። ያያቴ ነው ብዬ መማልም እችል ነበር፤ ሙሴ ብሩኖ ዘንድ ሄዶ የሚያጣራ የለም። ግዝቱንም በንስሐ እገላገለዋለሁ አልሁ። ግን ሐረገወይን ወንበሩን ጭልጋ ወስዳ ምድጃዋ አጠገብ ታኖረዋለች። አባቴ ሲናፍቃት ትቀመጥበታለች። ልጇ ሲያገባም ሙሽራይቱን እዚያ ላይ ታስቀምጣታለች። ይኸን ሳስበው ከአያ አለኸኝ ጠመንጃ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ስለዚህ እሑድ እናገራለሁ። ሞዱን፣ እንጨቱን፣ መጋዙንና ዓመተ ምሕረቱን ነው የምናገረው፤ የቀረውን ራሳቸው ይደምሩት።

ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ያን ቀን ያዩትን አይተው ነፍስዎን ይዘው ወጡ፤ እግዚአብሔር ይቀበልዎ። እኔን ምነው ከሱ ጋር ተዉኝ? አጉርሶ ያሳደገኝ፣ መርፌ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። እስካሁንም እወደዋለሁ፤ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

የገዳሙ ጸሎት አይለየን። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝም፣ ጉልበትዎን ለስግደት ያጽናልዎ። እሑድ እንዴት እንደ ዋለ ይኸን የሚያደርስልዎ ነጋዴ ዳግመኛ ሲመጣ ይነግርዎታል። እሱ እስኪመጣ ድረስ የክርስትና ስሜን ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።

ልጅዎ