ግፊት ለሚያወርደው አግዳሚ ወንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ልብዎ በልኩ እንዲመታ፣ ኩላሊቶችዎ ሥራቸውን ሳያጓድሉ እንዲውሉ፣ ዓይንዎም ይህን ደብዳቤ ያለ ሰው እርዳታ እንዲያነብ ከልቤ እመኛለሁ። ሦስቱን ለይቼ መጥራቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱልኛል።

እኔ ከጣቢያዎ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሠራተኞችዎን ጋውን የማሳጥረው፣ የተቀደደ ኪሳቸውን የምጥፈው እኔ ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ለዓመታት የጣቢያዎ የደም ግፊት ታካሚ ሆኖ ቆይቷል፤ ያውም ተራ ታካሚ እንዳይመስልዎ፣ በሽልማት ቀናችሁ «ግፊታቸው የተስተካከለ» ተብለው መድረክ ላይ ከተደረደሩት አንዱ፣ እርስዎ በገዛ እጅዎ አበባ ያስታቀፉት ሰው ነው። አበባው እስኪደርቅ ድረስ ቴሌቪዥናችን ላይ ተቀምጦ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ውለታ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ አግዳሚው ወንበር። በመለኪያ ክፍሉ በር አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠውን ማለቴ ነው። የአንድ ታካሚ ልኬት ከፍ ያለ እንደሆነ ሲስተሯ ቁጥሩን አትጽፈውም፤ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉና ደግመን እናየዋለን» ብላ በትሕትና ወደ አግዳሚው ትመራዋለች። ደግማ ለክታ አልወርድ ካለ ሌላ እረፍት፣ ከዚያ በሌላው ክንድ፣ ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው፣ ከዚያ ስለ ልጆችዎ ደስ የሚል ነገር እያሰቡ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ደክሞት ሲወርድ ያን ጊዜ ብዕር ይነሳል። የቀረውን ልኬት ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ታካሚውም ተስተካክሏል ተብሎ፣ ያችኑ የድሮዋን ክኒን ይዞ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሰዉ ወንበሩን «ስፔሻሊስቱ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ባለቤቴም ከቀጠሮ ሲመለስ በእኔ ሱቅ በኩል እያለፈ፣ ስፔሻሊስቱ ዛሬ ሦስቴ አየኝ እያለ ያስቀኝ ነበር፤ እኔም ጥርሴን ገልጬ እስቅ ነበር።

የተማሩ ሰው ነዎትና በማያገባኝ ገባሁ እንዳይሉኝ እንጂ፣ እኔም የምኖረው በመለካት ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛዬን ሆድዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ አሁንም ይሳቡ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ ብዬ፣ ሊፈነዳ ሲደርስ ሜትሬን ጠምጥሜ ያንን ልክ ብወስድ፣ በወረቀት ላይ ሸንቃጣ ሰው ይወጣኛል። ሰውየው ግን ሱሪውን ለብሶ ቁጭ ሲል ስፌቱ ይተረተራል። እኔ ዘንድ የሚተረተረው ጨርቅ ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ እንደገና እሰፋዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ላቀረባቸው አቤቱታዎች ሁሉ መልስ ሳይነፈግ ስለመቆየቱ። እግሩ ሲያብጥ ሹፌር ስለሆኑ መቀመጥ ያበዛሉ፣ መቀመጥ ይቀንሱ ተብሏል፤ ይህ ምክር የተሰጠው አግዳሚው ላይ ሳለ ነበር። ሽንቱ አረፋ እየሠራ ማስቸገሩን አፍሮም ቢሆን ሲናገር ውሃ ይጠጡ ተባለ። የአውቶቡስ ታርጋ ከሩቅ ማንበብ ሲያቅተው ደግሞ ዕድሜ ነው ተባለ። ላቦራቶሪያችሁ ከመለኪያ ክፍሉ በሁለት በር ይርቃል። ለነፍሰ ጡሮች ሽንት ውስጥ የምትነከረዋን ቀጭን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ ለባለቤቴ ቢነክሩለት ኖሮ ኩላሊቱ መጎዳቱን ትናገር እንደነበር በኋላ ሆስፒታል ሰማን። ግን ግፊቱ የተስተካከለን ሰው ማን ሽንት አምጣ ይለዋል?

ሦስተኛ፤ ስላተረፋችሁልኝ ኩራት። ባለቤቴ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ የዓይን ሐኪሟ የዓይኑን ጀርባ በመብራት አየች። ከዚያ፣ ግፊት እንዳለብዎ ያውቃሉ ወይ፣ ሳይታከሙ ስንት ጊዜ ኖሩ ብላ ጠየቀችው። ምስኪኑ ባሌ ደረቱን ነፍቶ፣ እኔ እኮ የተስተካከልኩ ነኝ፣ አበባ ተሸልሜያለሁ አላት። ሐኪሟ አልሳቀችም። እዚያው፣ ገና እንደተቀመጠ ሳይሆን አረፍ ካለ በኋላ ለካችውና መቶ ዘጠና በመቶ አስር ሆነ። እረፍት ነውር እንዳልሆነ፣ ማንም ሰው ከመለካቱ በፊት ትንሽ ማረፍ እንዳለበት በኋላ አብሬው ስሄድ ያስረዳችኝም እሷ ናት፤ ስለዚህ በወንበሩ ላይ ቂም የለኝም። ወንበሩ የተሠራው ለማሳረፊያ ነው፤ ለመደበቂያ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ደሙ ተመረመረ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጭ ሆነዋል ተባልን። አሁን ደሙን በማሽን እያሳጠበ ይኖራል። ከማሽኑ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ይገባና የልጃችንን ስም ለመጥራት እንኳ አቅም ያጣል። አንጀቴ አሯል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ አጥቼ እንጂ በጨዋ ቋንቋ ባልኩ ነበር።

አራተኛውን ግን ምስጋና ብዬ መቁጠር አልቻልኩም። አንዱን ኩላሊቴን ልሰጠው ብዬ የእኔ ደም ከእሱ ጋር አልገጥም ሲል፣ ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ግንበኛ ነው፣ ቀና ብሎ የኔን ውሰዱ አለ። ደሙም ገጠመ። ቤታችን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅ ገባበት፤ ባለቤቴ ወንድሙን፣ ያንተ ኩላሊት ሲሚንቶ የለመደ ነው፣ ሰውነቴ ውስጥ ግድግዳ እንዳይሠራብኝ እያለ ይቀልድበት ጀመር። ከዚያ ሆስፒታሉ ሰጪውን ራሱን ሲመረምር የልቡ ግድግዳ ወፍሮ፣ ኩላሊቱም ፕሮቲን ማፍሰስ ጀምሮ ተገኘ። ሐኪሙ፣ እርስዎ ራስዎ ታካሚ ነዎት፣ ከእርስዎ የሚወሰድ የለም አለው። ዋርሳዬም የት ይታከም እንደነበር ይገምቱልኛል። ከወንድሙ ጎን ለጎን፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጠው። በዚያው መድረክ ላይ አበባም ታቅፏል። ሐኪሙ ይህን የነገረው ቀን ባለቤቴን አቅፎ እንዴት እንዳለቀሰ እያየሁ፣ አንድ ወንበር ሁለት ወንድማማቾችን እንደበላብኝ ገባኝ።

ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ፣ እመቤቴ፣ ጣቢያችን በግፊት ቁጥጥር ከሁሉም አንደኛ ነው፣ ይህ በመረጃ የተደገፈ ነው ብለው በክብር ሸኝተውኛል። ሲስተሯ ግን ጋውኗን ልትወስድ መጥታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ቁጥሩን ካላወረድሽ ግምገማ ላይ ትቆሚያለሽ እንባላለን አለችኝ። በእሷ አልተቀየምኩም። ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን እንድታክም የሚነግራት አለቃ አልገጠማትም።

አሁን የቀረችን ልጃችን ናት። ትዳር ያልያዘች፣ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ፤ አባቷን ለማትረፍ ለምርመራ ስሟን አስመዝግባለች። እኔ ደግሞ ሚስትም እናትም ነኝ፤ ይግጠም ብዬ ስጸልይ ልጄን፣ አይግጠም ብዬ ስጸልይ ባሌን እየከዳሁ፣ መጸለይ ትቻለሁ። ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስትወጣ፣ እስቲ ግፊቴን ለክቼ ልምጣ ብላ ወደ ጣቢያዎ ስትሻገር አየኋት። መቀሴን ጥዬ መንገዱን በሩጫ አቋርጬ፣ በሩ ላይ ክንዷን ይዤ መለስኳት። መኪና ሊገጨኝ ነበር፤ ሹፌሩም የአፉን ሁሉ ተናገረኝ። ክቡርነትዎ፣ ሰው ልጁን ከጤና ጣቢያ በር ላይ የሚጎትትበት ዘመን ላይ ስላደረሱን ታሪክ ያመሰግንዎታል።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። የመጀመሪያውም ልኬት ይጻፍ። አልወርድ ያለ ግፊት ካለ ወንበሩን ሳይሆን መድኃኒቱን ቀይሩ። ግፊት ያለበት ሰው ሽንቱ ይታይ፣ ዓይኑና ልቡም ወደሚታይበት ይላክ። እስከዚያው ድረስ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡትን ሁሉ በሱቄ በር ላይ ሆኜ፣ ተነሡ፣ ሌላ ቦታ ተለኩ እያልኩ መጣራቴን እንደማልተው በትሕትና አስታውቃለሁ።

ለጣቢያዎ ተጨማሪ ዋንጫዎችን፣ ለእርስዎም የማያልቅ ጤንነትን እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ከፍ ባለ ግፊት፣

የተስተካከለው ሹፌር ሚስት፣
የተስተካከለው ግንበኛ ዋርሳ፣
ገና ያልተስተካከለችው ልጅ እናት፣
ፊት ለፊትዎ ያለችው ልብስ ሰፊ።

ማሳሰቢያ፦ ሙያዬ ሆኖ ሰው ስመለከት አለባበሱን ሳላይ አላልፍም። በሽልማቱ ቀን ባለቤቴን አበባ ሲያስታቅፉ የጫማዎ ክር ተፈትቶ፣ እግርዎ በጫማው አፍ ላይ ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህም ነጠላ ጫማ አድርገው ሲገቡና ሲወጡ ከሱቄ ሆኜ አያለሁ። የባለቤቴም እንደዚሁ ነበር የጀመረው። እባክዎ ይታዩ፤ እባክዎ ግን እዚያ አይታዩ።