ለበቅሎዋ የመረጥክላት ዕቃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ፣ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሣ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ድቡልቡሉ ልጃችሁ ጥርስ አወጣ ወይ? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ ለሰላምታው ወግ ነው እንጂ እኔስ ደኅና አይደለሁም። ወረቀት ያነሣሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ የሚቀመጠው እማዬ ራስጌ ነው።

ሁለት እሑድ በተከታታይ አባባ ስልክህን አላነሡም። መጀመሪያ ተኝተዋል አልንህ፣ ቀጥሎ ወጥተዋል አልንህ። አልተኙም፣ አልወጡምም። ስልኩ ሲጮህ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን አፍንጫ ያዩ ነበር። ይህን ጣጣ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልጀምርልህ። አምና የጭስ ማውጫውን ማርሚታና ሰፊውን የአየር ማጣሪያ ፊልትሮ ስትልክ አባባ ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው ነው ሣጥኑን የከፈቱት። ሠላሳ ዓመት የፖስታ ከረጢት በትንሽ ሞተርሳይክል ያመላለሰ ሰው ጡረታ ሲወጣ ያቺን ባለ ሁለት ሣጥን፣ ባለ መደገፊያ የረጅም መንገድ ሞተርሳይክል ገዝቶ “በቅሎዬ” ቢላት አይፈረድበትም። ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ተኝቼ፣ የጣቴ ቆዳ ተልጦ ዕቃውን የገጠምኩት ግን እኔ ነበርኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ “ይህን የመሰለ ድምፅ ከየት አመጡት?” ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ “ልጄ ላከልኝ።” ማን ገጠመው የሚል ጠያቂም፣ የሚናገር አባትም የለም። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ሲሉ እኔን አይተው ይመስለኛል።

ከዚያ በቅሎዋ ታመመች። በአዲሱ ፊልትሮና በአዲሱ ማርሚታ እንደ ልቧ ትተነፍሳለች፣ ቤንዚኑ ግን በድሮው ልክ ነው የሚሰፈርላት። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፤ ጋዙን ስትለቀው ከኋላ ይተኩሳል። የእማዬን ቅልጥም እንኳ ጠበሰው። ስለዚህ የነዳጅ ማስተካከያ ዕቃ ግድ ሆነ፤ ያውም በአስቸኳይ። በወሩ መጨረሻ ሐኪሙ የእማዬን ጉልበት ይቀደዋል፤ ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ በሞተርሳይክል መቀመጥ አይታሰብም ብሏታል። አባባ ደግሞ በልጅነቷ የአዳሪ ተማሪዎች ልብስ ታጥብበት ወደነበረው ሐይቅ እወስድሻለሁ ካሏት ዕድሜያችንን ያህል ሆነው። ወይ አሁን፣ ወይ መቼም።

እኔ የመረጥኩት ባለ ሦስት ብሎኑን ትንሽ ሣጥን ነበር። አንዱ ብሎን ለዝግታ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ጋዙ እስከ ጥግ ሲሰጥ። ትነዳለህ፣ ታቆማለህ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተህ የጫፉን ቀለም ታያለህ። ከነጣ ቤንዚን አንሷታል፣ ከጠቆረ በዝቶባታል፣ የሸክላ ቀለም ካመጣ ልክ ነህ። የዓይንና የእጅ ሥራ ነው፤ እኔም ያለኝ ዓይንና እጅ ነው። አንተ ግን በስልክ ሌላውን መረጥክ፦ የማርሚታው ቧንቧ ውስጥ አፍንጫውን አስገብቶ ጭሱን እያሸተተ ቤንዚኑን በራሱ የሚሰፍረውን። “ራሱ ይማራል” አልክ። እኔ በግራሶ ቅባት በቆሸሸ እጄ ቆሜ እያስረዳሁ ሳለ አባባ ጣታቸውን አንሥተው “ቆይ እስቲ አንቺ፣ ልጄ እየተናገረ ነው” አሉኝ። ልጄ! እኔስ? ተከራይ ነኝ? 

የባሰውን ልንገርህ? ያንተ ምርጫ ይሻል ነበር። አንድ ቀን ለብቻ፣ ሌላ ቀን ሁለት ሰው ሆኖ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁል ለሚወርድ ሞተርሳይክል ባለ ብሎኑ አይመችም። ያን ዕለት እዚያው ቆሜ ዐውቄዋለሁ። ያንገበገበኝም እሱ ነው፤ ተሳስተህ ቢሆን ኖሮ እታገሥህ ነበር።

ዕቃው መጣ፣ ገጠምኩት። አፍንጫውን ለማስገባት ቧንቧው ከሞተሩ መፈታት አለበት። በሁለቱ መጋጠሚያ ክፍተቱን የምትደፍነውን ቀለበት፣ ጓርኒሲዮኗን ታውቃታለህ፤ አንዴ ከተጨፈለቀች ዳግመኛ አትገባም። ፊደል ሳልቆጥር በፊት አባባ ያስተማሩኝ ነገር ነው። አዲሷ መደርደሪያው ላይ ነበረች፣ እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። አሮጌዋን መለስኳት። ረስቼ አይደለም። ሞተሩን ሳስነሣ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፣ እጄን ጠረግሁና ያንን ዕቃህን በልቤ “አዋቂ ነህ አይደል? እንግዲህ ተማር” አልኩት። ሌላ ክፋት አላሰብኩም። ሞተሩ ሁለት ቀን ይሳልና አባባ “ነይ ልጄ፣ ያንቺኑ እንሞክር” እንዲሉኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ምስኪኑ ዕቃ ያሳዩትን ነው የሚማረው። በተጨፈለቀችው ቀለበት ቀዳዳ የሚገባውን አየር እያሸተተ ቤንዚን አነሰ ይላል፣ ይጨምራል። እንደገና ያሸታል፣ እንደገና ይጨምራል። በሳምንቱ በቅሎዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቤንዚን እንደ ውኃ ትጠጣ ጀመር። አባባ መንገድ ያሟሟታል ብለው ቅዳሜ ዕለት እማዬን ከኋላ አስቀምጠው ወጡ። የዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ግማሽ ቀን መንገድ ዳር ቆመች፤ መጨረሻ ላይ አንድ የአሸዋ መኪና ሾፌር ከነሞተርሳይክሉ ጭኖ አመጣቸው። ከመኪናው ያወረድናት ሾፌሩና እኔ ተሸክመን ነው።

ያን ዕለት አባባ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቁጭ ብለው “ይኼ ልጅ ዕቃ መምረጥ አያውቅም” አሉ። አንተን ነው። ወንድም ጋሼ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህችን ቃል አንተ ከሄድክ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያታለሁ። ያበጠውን የእማዬን ጉልበት በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዤ እንኳ ጣፈጠችኝ። በማግሥቱ ስልክህ ሲጮህ አባባ ሳያነሡት ሲቀሩም ጣፈጠኝ። በሁለተኛው እሑድ ግን እማዬ አንሥታው አጠገቧ ነበርኩና ድምፅህን ሰማሁት፤ “አባባ ተቀይመውኛል እንዴ?” ስትል ድምፅህ ልክ ቅጣት እንደሚጠብቅ ልጅ ነበር። እዚያ ላይ መረረኝ።

ሰኞ ጧት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም። ተነሥተው ወደ በቅሎዋ ሄዱ፣ መጋጠሚያውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጥቀርሻውን አሳዩኝ። ከበቅሎዋ ጋር ስለ ተጣሉ ይቅርታ ሊጠይቋት ይመስል በመጀመሪያው እሑድ ጧት ሲወለውሏት፣ ያንተ ስልክ ከመጮሁ በፊት አይተውት ኖሯል። “ስልኩን ባነሣው ስለ ዕቃው ይጠይቀኛል” አሉ። “ብዋሸው ነውር ነው። እውነቱን ብነግረው አንቺን ወንድምሽ ፊት ማዋረድ ነው። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።” እኔ አንተን ያሸነፍኩበት የመሰለኝ ዝምታ ለካ የእኔው መሸፈኛ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲከፈት ሁሉም ይከፈት ብዬ “ወንድሜን ሁልጊዜ ‘ልጄ ልጄ’ ይሉታል፣ እኔንስ?” አልኳቸው። ከልባቸው ገረማቸው። “አንቺንማ ምን ብዬ ልጥራሽ፣ አለሽ አይደል እንዴ?” አሉኝ። ይህ ለእኔ በቂ መልስ አይደለም። ሌላ ግን የላቸውም።

አዲሷን ቀለበት ከተን፣ ዕቃው የተማረውን ስሕተት አጠፋንለት። እንደገና የሚማረው በመንገድ ላይ ነው፤ ያውም የሁለት ሰው ክብደት ተሸክሞ። እማዬ ግን እስከ ጉዞው ቀን እንዳትንቀሳቀስ ተብላለች። አባባ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝና “በእናትሽ ፈንታ እኔ ልክበድላት” ብለው ከኋላ መደገፊያው ላይ ወጡ። ያን ዳገት ሦስት ጊዜ ወጣነው። በመጀመሪያው ሁለቱን እጆቻቸውን ብረቱ ላይ አጥብቀው ነበር። በሦስተኛው አንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው “ተነፈሰች” አሉ። አናቱ ላይ ቆመን ካንዴላውን ፈታሁት፤ ሸክላ ቀለም። ዕቃህ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ይኸው በጽሑፍ ሰጥቼሃለሁ። ነገ ወደ ሐይቁ ይነሣሉ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ አባባ ስልክ ማንሣት ጀምረው ይሆናል። ምክንያቱን ግን አይነግሩህም፤ “የምትነግሪው አንቺ ነሽ” ብለውኛል። ይቅር በለኝ።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ጉዱን ስትሰማ አንድ ቀን ሙሉ ኩርፊያ፣ ከዚያ ሣቅ ሆነች፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እያለች ዛሬ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ ፈትታ አሰረች። አባባ ወገብህን እንድታሽ ብለዋል። የአሸዋ መኪናው ሾፌር እንኳ “ያን ማርሚታ የላከው ልጅ ሰላም ይሁን” ብሏል፤ እኔን ማንም አልጠየቀም። ለባለቤትህ ከአክብሮት ጋር፣ ለድቡልቡሉ ጉንጩን ንከስልኝ። ለራስህ የምልክልህ ሰላምታ ደግሞ ይህ ነው፦ አባባን ከኋላህ አስቀምጠህ፣ እጃቸው ትከሻህ ላይ ሆኖ፣ ዳገት ወጥተህ ታውቃለህ? አታውቅም። እስቲ አንተም ትንሽ ቅና።

ቀናተኛዋ እኅትህ
ከጋራዡ ጠረጴዛ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን