የማሙሽ ካሜራ በፍተሻ ሲያልፍ

ለምትናፍቂኝ እታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ስትውዪ ይጠዘጥዝሻል? ባለቤትሽስ እንደምን አለ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷን ነቀለች ብለሽን ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እኛ ከሐዘናችን በቀር ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ ስጽፍ እንኳ እጄን ያዝ ያደርገዋል፤ ግን ሌላ ምን ይባላል? ይመሻል፣ ይነጋል፣ እህል ይቀመሳል፣ ሰው ሲመጣ ብድግ ይባላል።

በስልክ «የማሙሽን ዕቃ እንዴት አድርገህ አመጣኸው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «በሰላም ገባ» ብዬ አሳጠርኩት። እናታችን አጠገቤ ነበረች፤ ደግሞም ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈራሁ። አሁን የስፌት ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ወረቀት ዘርግቼ የሆነውን ልንገርሽ።

ማሙሽ ተከራይቶ ይኖርባት የነበረችው ክፍል እኛ ከምናስበው ትጠባለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ የሰው ሠርግ ፎቶ። የራሱ ፎቶ አንድም የለም። ሸሚዞቹን ሳጣጥፍ ሁሉም ቀኝ ትከሻቸው ላይ ሳስተዋል፤ የካሜራው ቦርሳ ማንገቻ ነው የበላቸው። አንዱን ይዤ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩና መነሳት አቃተኝ። ጺም አብቅሎ፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ «ማሙሽ» ማለት አልተውንም ነበር፤ ሸሚዙ ግን የትልቅ ሰው ሸሚዝ ነው።

ዕቃውን ያሰናዳልኝ አብሮት ሠርግ ያነሳ የነበረው ጓደኛው ነው፤ ለለቅሶው መጥቶ በራችን ላይ ግንባሩን የገጨው፣ ማሙሽ «ቀጭኔ» የሚለው ረጅሙ ልጅ። «ካሜራውንና ሌንሶቹን ከእጅህ እንዳትለይ፤ በትልቁ ሻንጣ የሄደ ሌንስ ተሰብሮ ነው የሚደርሰው። ትርፍ ባትሪዎቹም ከአንተው ጋር ነው የሚገቡት፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ለጥፌልሃለሁ። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ግን ዱላ ነው ብለው ስለሚከለክሉህ ከታች ይጫን» አለኝ። ሌንሶቹን በማሙሽ ካልሲዎች እየጠቀለለ ቦርሳው ውስጥ ደረደራቸው። በመጨረሻም «የካሜራው ካርድ ውስጥ የዚያን ቀን ሠርግ አለ፤ ለሙሽሮቹ ገልብጬ ሰጥቻለሁ። አንተ ልብህ ሲችል እየው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያ ቀን፣ እታለሜ፣ ከሠርጉ ሲመለስ መኪናው የተገለበጠበት ቀን ነው። ቤት ደርሼ፣ ከእናታችን ጋር ሆኜ እንጂ ብቻዬን አላየውም ብዬ ቆረጥኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀበቶ ፍታ፣ ጫማ አውልቅ፣ ኪስህን አራግፍ። ቦርሳው ኤክስሬይ ማሽኑ ውስጥ ገባ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ገባ። ፈታሿ ልጅ እግር ናት፤ ፊቷም አያስፈራም። «የማነው ይሄ?» አለች። «የወንድሜ» አልኳት። «ወንድምዎስ የት ነው?» አለች። «ቀድሞኝ ሄዷል» አልኳት።

ሌንሶቹን አንድ በአንድ ከካልሲ እያወጣች ፕላስቲኩ ትሪ ላይ ደረደረች። ከኋላዬ አንዱ «ካሜራም ካልሲ ይለብሳል እንዴ!» አለና ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ ካሜራውን አቀበለችኝና «ያብሩት፣ መሥራቱን እንይ» አለች። ይህ እጄ በመርፌ ቀዳዳ ክር የሚያሾልክ እጅ ነው፤ ያችን ቁልፍ ግን ማግኘት አቃተው። ከእኔ ተቀብላ ራሷ አበራችው። ሙሽሪት ብቅ አለች። ልጅቷም ፊቷ በራ፤ «ውይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! የእናንተ ቤት ሠርግ ነው?» አለችኝ። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ያልኩት ይህንኑ ነው። አፌ የለመደውን መለሰ።

ቀጥሎ ምን እንደነካች አላውቅም፤ ፎቶውን ልታሳልፍ ብላ ይመስለኛል። ለካ ቪዲዮ ኖሯል። ከእጇ ላይ የማሙሽ ድምፅ ወጣ። «ጠጋ በሉ! ጠጋ፣ ጠጋ! እማማ፣ እርስዎን ምን ያስኮርፍዎታል? ልጅ እኮ ነው የዳሩት!» አለና ያን ሳቁን ሳቀ፤ ያን በአፍንጫው የሚጀምረውን። ምንም ያልሆነ፣ እዚያው ከጎኔ የቆመ ነው የሚመስለው።

ካሜራውን ልነጥቃት ተወርውሬ ኖሯል። ሁለት ጠባቂዎች ክንዴን ጠምዝዘው ግድግዳ አስጠጉኝ። በባዶ እግሬ፣ ሱሪዬ ያለ ቀበቶ እየወረደ፣ «ወንድሜ ነው! አትዝጉት!» እያልኩ እንደ ሕፃን ጮህኩ። አለቃቸው መጡ፤ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «የሞተው ወንድሜ ነው የሚያወራው» አልኳቸው። ክንዴን ለቀቁኝ። አለቃው ወንበር ሳቡልኝ፣ ጫማዬን ራሳቸው አምጥተው እግሬ ሥር አኖሩትና «ነፍስ ይማር» ብለው ዞር አሉ። ልጅቷ ሌንሶቹን መልሳ በየካልሲያቸው ስትጠቀልል እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር። ምን አጠፋች? ሥራዋን ነው የሠራችው።

አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ቦርሳውን ከላይ ላስቀምጥልህ ብትለኝ እምቢ አልኩ። እግሬ ሥር አድርጌ በሁለት ጉልበቴ ይዤው መጣሁ።

ለእናታችን ወዲያው አልነገርኳትም። ጥቂት ቀን ቆየሁና እሑድ ከሰዓት፣ ሰው ወጣ ሲልላት፣ አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ የማሙሽ ድምፅ አለ» አልኳት። ሻሿን ከጆሮዋ ገፋ አደረገች። ጆሮዋ መክበዱን ታውቂያለሽ፤ ከሐዘኑ ወዲህ ደግሞ ብሶባታል። ካሜራውን ጆሮዋ ላይ ለጥፌ አሰማኋት። ደግሜ አሰማኋት። «ይናገራል?» አለችኝ። «ይናገራል፣ እማዬ።» «እኔ አይሰማኝም። ምን ይላል?» አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ጎንበስ ብዬ «ጠጋ በሉ ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩላት። «እሺ፣ ልጄ» አለችና ወንበሯን ስባ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

ለባለቤትሽ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ድምፁን የምልክልሽ ጊዜ አጠገብሽ እንዲቀመጥ አደራ በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን አጎትህ ሰላም ይልሃል በይው፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። ባለቤቴ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፤ ልጆቼም እንደዚያው። እናታችን ጤና ነች፤ የአንቺን መምጫ ትጠይቃለች።

የማይረሳሽ ወንድምሽ

ከስፌት ቤቴ፣ መጋቢት 23 ቀን