አንቺ በለሰንሽው ግድግዳ ላይ

እማዬ፣

ካረፍሽ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። በመቃብርሽ ዙሪያ የበቀለውን ሣር ትናንት አጭጄ መጣሁ። ይህን የምጽፍልሽ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል ነው። አንቺ ሳትደርሽበት ቀረሽ እንጂ ከፊት ትቀመጪ ነበር።

ቤታችን ደህና ነው። ሸክላውን አሁን እኔ እሠራለሁ፤ በገበያ ቀን ዘመሮ ከተማ አወጣለሁ። የተሰጠን ማሳ ዘንድሮም ገብስ ሰጠ። ሐሰት አልጽፍልሽም፤ መሬቱ የእኛ ሆኗል። አያቴን እንደመለሱት «ባለእጅ ርስት የለውም» ብሎ ከደጅ የሚመልሰን ዳኛ የለም።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሲሠራ ወንዶቹ ድንጋይ ይክቡ ነበር፤ አንቺ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተሽ ግድግዳውን ለሰንሽ። ሸክላ የለመደ እጅ ነውና እንደ እንቁላል አለሰለስሽው። ገና ሳይደርቅ የጭቃ ሹሙ ልጅ አንበሳ ያለበትን የድሮ ባንዲራ አምጥቶ ሰቀለበት። አባቱ ሲፈርድ ከራሱ በላይ የሚሰቅለው ነበር፤ አያቴም የተፈረደበት ከዚያው ሥር ቆሞ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥተሽ የተናገርሽው ከልቤ አልወጣም። ባንዲራውን የሚወድ ቤቱ ይስቀለው፣ ማንም አይከለክለውም፤ ይህ ቤት ግን የሁላችን ነው፣ ከዚያ ሥር አስቀምጣችሁ እኩል ነሽ ብትሉኝ አላምንም አልሽ። እኛን ባለእጆቹን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እንደሚሉን ታውቂያለሽ። የጭቃ ሹሙ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ጅቧ አንበሳ ፈራች!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በምጥ ስትጨነቅ ከአጠገቧ ያልተለየሻት ጎረቤታችን እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አንቺም ተቀመጥሽ። ባንዲራው ሳይወርድ ሞትሽ።

አሁን ወርዷል። አንቺን ሰምተው አይደለም፤ ከወረዳ ትእዛዝ መጥቶ ነው። በቦታው መዶሻና ማጭድ ያለበት ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። መሰላሉን ተሸክሞ የመጣው ያው የጭቃ ሹሙ ልጅ ነው፤ ዛሬ «ጓድ ሊቀመንበር» እንለዋለን። መዶሻውን በጣቱ እያሳየ ስለ ሠርቶ አደሩ እኩልነት ብዙ ተናገረ። በሰፈራችን መዶሻ የሚይዙት ሰው፣ ብረት ቀጥቃጩ ወንድምሽ፣ ያን ሁሉ የሰሙት በር ላይ ቆመው ነው።

ከንግግሩ በኋላ ጠላ ተቀዳ። ጋኑ የአንቺ ሥራ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለውን የጣትሽን አሻራ አውቀዋለሁ። ለሰዉ በዋንጫ ዞረ። ለእኔና ለወንድምሽ እንደ ድሮው መጨረሻ ላይ፣ በቅል፣ ከደጅ ተሰጠን። ከጋንሽ እየጠጡ የእኛ አፍ የነካው ዋንጫ ያስፈራቸዋል።

ቅሉን መሬት አስቀምጬ ገባሁ። ከአንድ ዋንጫ እስክንጠጣ ድረስ ይህም ባንዲራ ይውረድ፤ የሁላችን ቤት ግድግዳ ባዶውን ይቆይ አልኩ።

እማዬ፣ አንቺ ስትናገሪ ሳቁ። እኔ ስናገር ማንም አልሳቀም። አጠገቤ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። ሊቀመንበሩ ስሜን ጠይቆ ጻፈ፤ ስሜን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቀዋል።

ሰኞ ሞላሌ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀርበሽ ቃልሽን ስጪ ተብያለሁ። ወንድምሽ «አንቺ ልጅ፣ ተሳስቼ ነው በያቸውና ተመለሽ፤ ጨርቅ አይቆጣም፣ የሚቆጣ ሰው ነው» ይሉኛል። ስለ እኔ ፈርተው ነውና አልፈርድባቸውም። ግን አልተሳሳትኩም፤ ተሳስቼ ነው ብል አንቺም ተሳስተሽ ነበር ማለቴ ነው።

ስንቄን ቋጥሬአለሁ። ማን ይህን አስተማረሽ ብለው ሲጠይቁኝ ስምሽን ከነአባትሽ እጠራላቸዋለሁ። በሄድኩበት ሁሉ፣ ብመለስም ባልመለስም፣ የማስብሽ እንዲህ ነው።

ልጅሽ